ከሰበታ እስከ አየር ጤና በእግር የሄደው የባህር ጭቃ

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። አንተ ያለህበት ብርድ እንደሌለ አምናለሁ። ሰበታ ግን እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ። ሲፈን አድጋለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የራሷን ስም እንኳ አስተካክላ መጥራት አቅቷት ሰፈሩን ስታስቅ ትውላለች። እናትህ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ አልፎ አልፎ ያማቸዋል። ሚኒባስህን አሁን የሚነዳት ታናሽ ወንድምህ ግዛው ነው። እንዳንተ አይደለም፣ ኮረኮንች ላይ አይራራላትም።

ዛሬ የተቀመጥኩት ግን የቤቱን ወሬ ላወራህ ብቻ አይደለም። ደስታ ይዤልህ ነው። ጭቃው ጠራ፣ ታዴ! ያ ስትስቅበት የኖርከው የባህር ጭቃ ጠራ።

የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቴ ከውጭ የተላከልኝን ከፖስታ ቤት ተቀብለን ስንመለስ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። አንተ መሪውን ይዘህ ገልመጥ እያደረግህ ታየኛለህ። "አስቱ፣ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ጭቃ ነው? ሰበታ ጭቃ ጠፍቶ ነው?" አልከኝ። ዓለም ገና እስክንደርስ ሳቅህ አላቆመም። እኔም እየተናደድኩ ሳቅሁ።

ማታ ግን ቁጭ ብለህ አስረጂኝ አልክ። ጭቃው ከጥልቅ ባህር ወለል በመርከብ የወጣ መሆኑን ነገርኩህ። ውስጡ ዳያቶም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ የባህር አልጌዎች ቅሪት አለ። በሕይወት ሳሉ ከውሃው ሲሊካ እየወሰዱ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት ለራሳቸው ይሠራሉ። ሲሞቱ ቅርፊቱ ወደ ታች ይሰምጥና በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይጠፋ ይቀመጣል። ቅርፊቱን ሲሠሩ ከባህሩ ጥቂት ዚንክም አብረው ያስገባሉ፤ ከጥቂትም የጥቂት ጥቂት። ያችን መለካት የቻለ ሰው ባህሩ በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ፍንጭ ያገኛል።

ችግሩ ቅርፊቱ ብቻውን አለመገኘቱ ነው። አብሮት የተቀበረው ሸክላ አፈር ይለጠፍበታል፣ ቀዳዳው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሸክላው ደግሞ የራሱ ዚንክ አለው፣ ያውም የሚበልጥ። ሳያጠሩ የለኩ እንደሆነ የሚለኩት አፈሩን ነው እንጂ ባህሩን አይደለም። ሸክላ መቅረቱን የሚያሳብቀው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ከበዛ አልጠራም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጸጥ ብለህ ሰማኸኝ። የቅርፊቶቹን ፎቶ ሳሳይህ ክብ ክቡን እያየህ "ይሄማ ቸርኬ ነው!" አልክ። እውነትህን ነበር፣ የመኪና ቸርኬ ይመስላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰበታ አዲስ አበባ የጫንከው ሰው ሁሉ ስለ እኔ ጭቃ ሳይሰማ አይወርድም ነበር። "ሚስቴ የባህር ጭቃ ታጥባለች፣ ውስጡ ቸርኬ አለ" ትላቸዋለህ። ያፈርኩት ማፈር!

ከዚያ ጉበትህ ታመመ። እሱን እዚህ አልደግመውም፣ አብረን አይተነዋል።

አርባህ በወጣ ሳምንት የመጀመሪያው ውጤት መጣ። አማካሪዬ ዶክተር ሰላማዊት ቢሮዋ ጠርታ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ያኔውኑ ገባኝ። አሉሚኒየሙ ከፍ ያለ ነበር። ሸክላው አልወጣም። የቀረኝ ጭቃ ደግሞ ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነው፣ ሌላ ከየትም አይመጣም። ቤት ገብቼ ጥቁሬን እንደለበስኩ ተኛሁ። ትምህርቱን ልተወው፣ ሰበታ ያለው የላቦራቶሪ ሥራዬ ይበቃኛል ብዬ ወስኜ ነበር።

ያስነሱኝ እናትህ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ "ልጄ እስኪሞት ድረስ ስለ አንቺ ጭቃ ሲያወራ ነው የኖረው። ሰዉ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሳይቀር 'ጭቃው እንዴት ሆነ?' ይለኛል። ትተዋለች ልበል?" አሉኝ። ተነሣሁ።

ሁለተኛውን ሙከራ እንዴት እንደሠራሁት ብታይ ኖሮ "ይቺ ሴት አበደች" ትል ነበር። የበሰበሰውን ነገር በሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ አስበላሁት። ኖራውን በአሲድ አሟሟሁ። በጥሩ ወንፊት አጠለልኩ። ቀጥሎ ከባድ ፈሳሽ የሚባለው አለ፤ በልኩ ከተዘጋጀ ቅርፊቱን ያንሳፍፈዋል፣ አፈሩን ያሰምጠዋል። በመጀመሪያው ሙከራ የቸኮልኩት እዚያ ላይ ነበር መሰለኝ። አሁን ግን የተንሳፈፈውን ወስጄ እንደገና፣ አሁንም እንደገና ደገምኩት። ቅርፊቱ ላይ የጋገረውን የብረት ዝገት በሌላ ኬሚካል አወጣሁ። በመጨረሻ በተጣራ ውሃ አጠብኩት፤ ማጠቢያው ውሃ ከንጹሕ ውሃ እስከማይለይ ድረስ።

የምነካው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ በአሲድ የተዘፈዘፈ ነው። ያሰርክልኝን ቀለበት በር ላይ አውልቄ ነበር የምገባው። የፊት ቅባት ውስጥ ዚንክ አለ ስባል ቅባት መቀባት ተውኩ። ፊቴ አመድ ሲመስል እናትህ "ሐዘን ጎዳት" እያሉ ለጎረቤት ያለቅሱልኛል። እኔ ደግሞ ዚንክ ነው ብዬ እንዴት ላስረዳቸው? በስውር ሳቅሁ። ከሞትክ በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ጭቃው እንዲህ ሲጠራ ከውጭ ያለው ግን ይደፈርስ ነበር። የማስተር ፕላኑ ነገር እንደገና ተነሣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሊካተቱ ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሣ ነው ተባለ። የአባትህም ማሳ አለበት ተባለ። አባትህን ኦቦ ቶሎሳን ታውቃቸዋለህ፤ አይጮሁም። ማታ ማታ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ማሳው ያያሉ። ልጃቸውን በቀበሩ በዓመቱ መሬታቸውን ሊነጠቁ ነው ብዬ እኔም ሆዴ ይባባ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ወጣቱ ወጣ፣ መንገዱ ድንጋይ ተደረደረበት። የጥይት ድምፅ የሰማንበትም ቀን ነበር።

ተጣርቶ ያለቀለት ናሙና የነበረው እኔው ጋ ነው። ሰበታ የሥራ ቦታዬ ባለው ማይክሮስኮፕ ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ከዩኒቨርሲቲው አምጥቼው ነበር። እኩል ለሁለት ከፍዬ በሁለት ብልቃጥ ዘግቼዋለሁ፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ውጤት ከሰጡ ልኬቱ ይታመናል። በሦስተኛው ብልቃጥ ያ ያልጠራው የመጀመሪያው ነበር፣ ለማነጻጸሪያ። ከውጭ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣች ተመራማሪ በማግሥቱ ወደ አገሯ ትበራለች፤ መለኪያው መሣሪያ ያለው እሷ አገር ነው፣ ተራም ይዛልኛለች። በዚያው ምሽት መንገዱ ጭራሽ ተዘጋ። እህቴ ከቡራዩ ደውላ እዚያም መኪና እንደማይንቀሳቀስ ነገረችኝ። ግዛውም መኪናዋን ግቢ አስገብቶ ቁልፏን ለእናትህ ሰጠ።

ጠዋት ሳጥኑን ቦርሳዬ ውስጥ ሳስገባ አባትህ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ወዴት ነው አባባ?" አልኳቸው።

"አንቺ ወደምትሄጂበት።"

"በእግሬ እኮ ነው። ሩቅ ነው።"

"እኔ ጎማ አለኝ ያልኩሽ ይመስልሻል?" አሉና ቀደሙኝ።

አስፋልቱን ትተን በማሳ ለማሳ ሄድን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ሰዉ ግን የለም። ወደ ዓለም ገና ስንቃረብ ወንዙን ለመሻገር የግድ ወደ መንገዱ መውጣት ነበረብን። እዚያ ወጣቶች ድንጋይና ግንድ ደርድረው ቆመዋል። አባትህ ከሩቁ "አካም ጅርቱ፣ ኢጆሌ ኮ" ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ ልጆቼ እንዴት ናችሁ ማለታቸው ነው። እነሱም ለሽማግሌ ጎንበስ ብለው መለሱ። አንደኛው ግን፣ ፊቱን በሻርፕ የሸፈነው፣ ቦርሳዬ ይከፈት አለ።

ብልቃጦቹን አወጣ። ወደ ፀሐይ አነሣቸው። "ይሄ ነጭ ዱቄት ምንድነው?"

"የባህር አልጌ ቅርፊት ነው። ለምርምር ነው።"

ሳቁ። "ባህር? የቱ ባህር?" ብሎ ባለ ሻርፑ አውራ ጣቱን ክዳኑ ላይ አደረገ።

ታዴ፣ ነፋስ ነበር። የመንገዱ አቧራ እየተነሣ ነው፣ አቧራው ደግሞ ሸክላ ነው። አንዴ ከተከፈተ ሁለት ዓመቴ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ። "አትክፈተው!" ብዬ ጮህኩ። እንዲያ መጮኄ ነገሩን አባሰው፤ ሁሉም ተጠጉ። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። "መክፈት ካለብህ ያንን ክፈት" ብዬ ያልጠራውን ብልቃጥ ጠቆምኩት። "እሱም ያው ነው፣ ግን ተበላሽቷል። እነዚህ ሁለቱ ከተከፈቱ ግን የባሌ ለቅሶ ላይ ሆኜ የደከምኩበት ሁሉ ይጠፋል።"

ከፍቶ መዳፉ ላይ አፈሰሰው። በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ለጓደኞቹ አሳየ። እኔ ሲሊካ ምን እንደሆነ፣ ሸክላው እንዴት እንደሚለጠፍበት መለፍለፍ ጀመርኩ። ባሌ ሹፌር እንደነበረ፣ ቅርፊቱን ቸርኬ ይለው እንደነበር ሁሉ ነገርኳቸው። ይህን ጊዜ ከኋላ አንዱ፣ "ቆይ! የታዴ ጭቃው ሚስት ናት እንዴ?" አለ።

ስምህ ታዴ ጭቃው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ መስመሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራህ።

"ኮሌጅ ስመላለስ የምሄደው በሱ መኪና ነበር" አለ ልጁ። "ስለ ጭቃው ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ልቀቋት!" ባለ ሻርፑ ብልቃጦቹን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ግንዱን ራሱ ገፋ አድርጎ አሳለፈን፤ አባትህንም ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። ኦቦ ቶሎሳ ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገሩት፤ "ይሄ ልጄ በሕይወት ሳለ የሚናገረው ሁሉ ወሬ ይመስለኝ ነበር" አሉ።

ፉሪን አልፈን ወደ ከተማው ስንገባ ደግሞ ፖሊሶች ነበሩ። ከሰበታ በኩል በእግር የመጣች፣ በነጭ ዱቄት የተሞላ ብልቃጥ የያዘች ሴት! እዚያ ደግሞ አንተን የሚያውቅ የለም። የማስከፍተውም ሌላ ብልቃጥ የለኝም። አዛዡ ክዳኑን ሊያዞር ሲል አባትህ መሐል ገቡ። "ልጄ፣ አስረን ካልክ እሰረን። መክፈቱን ግን እዚያው ትምህርት ቤቷ፣ አቧራ የሌለበት ቤት ይክፈቱልህ። ሰው ላክ፤ ዋሽታ ከተገኘች እኔ አለሁ" አሉት።

አዛዡ አባትህን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። ከዚያ ወደ አንድ ወጣት ፖሊስ ዞረ። "አብረሃቸው ሂድ። ዓይንህን ከብልቃጡ እንዳትነቅል።"

እንዲህ ሆነና አየር ጤና ደርሰን ታክሲ ስንሳፈር መሣሪያ የያዘ አጃቢ ነበረኝ። ዶክተር ሰላማዊት በር ከፍታ፣ እኔን በአቧራ ተለውሼ፣ ሽማግሌ በቀኝ፣ ፖሊስ በግራ ስታይ "አስቴር፣ ምን አደረግሽ?" ብላ ግድግዳ ያዘች። ነገሩን ስታውቅ ግን ፖሊሱን አላስገባም አለች፤ በመሣሪያው አይደለም፣ በጫማው። ልጁ መሣሪያውን ለግቢው ጥበቃ ኃላፊ አስረክቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ገባ። አባትህንም አለበስናቸው፤ አጠረባቸው።

ከጠራው ላይ በጣም ጥቂት ወስደን በማይክሮስኮፕ አሳየነው። ፖሊሱ ጎንበስ አለ። ቀና አላለም። እዚያው እንዳቀረቀረ "ማነው የጠረበው?" አለ።

"ማንም። ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት።"

"እያንዳንዱን?"

"እያንዳንዱን።"

ስልኩን አወጣና ለአዛዡ ደወለ። "ጌታዬ፣ ዕቃው ልክ ነው... አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ... እ... የባህር ጥልፍ ነው ጌታዬ።" ዶክተር ሰላማዊት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አባትህ በተራቸው አዩ። ዓይናቸውን በጋውኑ እጅጌ ጠርገው "ልክ ነው፤ ቸርኬ ነው" አሉ። እንግዳዋ ተመራማሪ ብልቃጦቹን ተቀብላ ያን ምሽት በረረች።

ከገና በኋላ ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ። ሰዉ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም። አባትህ "እኔ የማምነው ስዘራበት ነው" አሉ። ሰሞኑን ማሳውን አርሰው ለጤፍ አለስልሰውታል፤ ትናንት እናትህ ምሳ ይዘውላቸው ሲሄዱ አየሁ። ሁሉም ቤት ግን እንዲህ አይደለም። የታችኛዋ ጎረቤታችን የአያንቱ ልጅ በዚያ ሰሞን እንደወጣ አልተመለሰም፣ አስከሬኑን ነው ያመጡላት። በደጇ ሳልፍ ደስታዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የማልፈው። እናትህ እሁድ እሁድ ከእሷ ጋር ይውላሉ።

ውጤቱ የመጣው ጾም ሊገባ ሲል ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። የአሉሚኒየሙን ዓምድ ለማየት ፈርቼ መጀመሪያ ሌላ ሌላውን አነበብኩ። ከዚያ አየሁት። የለም ማለት ይቻላል፣ ታዴ! ሸክላው ወጥቷል። የሁለቱ ብልቃጦች ዚንክ ደግሞ እንደ መንታ ይመሳሰላል። ወንበሬን ገፍቼ ተነሥቼ እልል አልኩ፤ የሥራ ባልደረቦቼ እዚህ ሴት ወለደች እንዴ ብለው ከየክፍሉ ወጡ።

ባለፈው ሳምንት ጥናቴን አቀረብኩ። ቤተሰቡ ሁሉ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ሲፈን ግዛው ጭን ላይ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽበት የወረሳቸው ሰው፣ "የለካሽው ባህሩን እንጂ አፈሩን እንዳልሆነ በምን እርግጠኛ ሆንሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዘጋጅ እንደኖርኩ አላወቁም። አሉሚኒየሙን አሳየሁ፣ መንታዎቹን አሳየሁ፣ የወደቀውንም የመጀመሪያ ሙከራ ሳልደብቅ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ሰውየው ወረቀታቸውን አጥፈው "ሌላ ጥያቄ የለኝም" አሉ። እናትህ ይህን ብቻ ነበር የሚጠብቁት፤ አዳራሹን በእልልታ አናወጡት።

ስንመለስ አየር ጤና ተራው ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ግዛው ለጓደኞችህ ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ተራ አስከባሪው ከሩቅ ሲያየን ሰልፉን በእጁ አቁሞ "መንገድ ልቀቁ፣ የታዴ ጭቃው ሚስት ተመርቃለች!" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው አላጉረመረመም፤ ማን እንደሆንኩ የማያውቀውም አጨበጨበ። የመጀመሪያዋን መኪና ጋቢና ከፍተው እኔንና ሲፈንን አስቀመጡን። ስንነሣ የኋላዋ ጡሩምባዋን ነፋች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ተራው በሙሉ። ከተቃራኒ የሚመጡት የሰበታ መኪኖችም እየመለሱ ነበር። ሲፈን ጆሮዋን ይዛ "እማዬ፣ ሠርግ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም፤ አባትሽን እየጠሩት ነው" አልኳት።

የልጄ አባት፣ እኔ እስካለሁ ድረስ ስምህ ከዚህ መስመር አይጠፋም። ሲፈን ሹፌር እንደነበርክና ሚስትህ በሠራችው ሥራ የምትኮራ ወንድ እንደነበርክ ከእኔ አፍ ሰምታ ታድጋለች። አልረሳህም፤ እንድትረሳም አልፈቅድም።

ያንተው አስቱ፣
ሰበታ